ባዶ ወለል፣ ወጣት ሠዓሊና ያልተጻፈ ውል

ሬዚደንሲ የሚባለው አሠራር አስተናጋጁን ምን ያስወጣዋል? የሚገኘውስ የማን ነው?

መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚውል ነጋዴ የወደቀ ዕቃ ዋጋ እንዳለው የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው የሞተ ሬዲዮ፣ የተሰበረ ኮምፒውተርና የተቆራረጠ ሽቦ እዚያ ደርሶ ይፈታል፤ መዳቡ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ይሸጣል። ትርፉ ያለው ከመፍታቱ ላይ ነው። ከዚሁ ከመርካቶ ዕቃ ከሚገዙት ደንበኞች መካከል ግን አንዱ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ የተፈታውን መልሶ ይገጥመዋል።

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቋል። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጠለፈ በእንጨት ላይ ያሰፍራል፤ አንዳንዱ ሥራ ሙሉ ግድግዳ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ግዛት በሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም የተከፈተው ትርኢቱ በኋላ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችና ወደ ቶሮንቶ ተጉዟል። በ2020 ደግሞ ለሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ።

የዚህ ገጽ አንባቢ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ በጥሬ ዕቃውና በተጠናቀቀው ሥራ መካከል ያለው ወጪ ምንድን ነው? ጥሬ ዕቃው ውድ አይደለም። ውዱ ጊዜው ነው። ሳይሸጡ የሚሞክሩበት ወራት፣ የሚሞክሩበት ክፍል፣ ለመሞከሪያ የሚዋሱት መሣሪያ። ስሙ የተጠራ ሠዓሊ ይህን ከሽያጩ ይሸፍናል። ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣው፣ አንድ እጁ በቀለም ሌላው በኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ያለው ወጣት ግን ባንክ ቢሄድ መያዣ የለውም፤ ባለሀብት ቢያናግር የሚያቀርበው የሽያጭ ዕቅድ የለውም። በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተበጀው አሠራር ሬዚደንሲ ይባላል። በአገራችን ስሙ እየተለመደ ቢመጣም ሂሳቡና ውሉ ሲተነተን ብዙም አይሰማም። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ይመለከታል።

ነገሩ ምንድን ነው?

በአጭሩ ሲነገር አስተናጋጁ ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት፣ ለአርቲስቱ የሥራ ቦታና መሣሪያ ይሰጣል፤ አቅም ካለው የኪስ ገንዘብ ይጨምራል። አርቲስቱ በበኩሉ ይሠራል፣ ሥራውን ለሕዝብ ያሳያል፣ የአካባቢውን ሰው ያስተምራል። ቃሉ መኖሪያን የሚያመለክት ቢሆንም ብዙዎቹ መኝታ አይሰጡም፤ የሚሰጡት ጠረጴዛና የበር ቁልፍ ነው።

አሳቡ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቆሎ ተማሪ በሰበካው ሰው እህል እየኖረ፣ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ዓመታት ያሳልፍ ነበር። ደብሩ ከተማሪው ቅኔ ላይ ድርሻ አልጠየቀም፤ በመጨረሻ ያገኘው ግን ካህንና ባለቅኔ ነው።

ነጋዴ ግን ድርሻዬ ስንት ነው ማለቱ አይቀርም፤ ቢልም አይፈረድበትም። በእኩል እርሻ ባለመሬቱ መሬቱን፣ አራሹ ጉልበቱን አውጥተው ምርቱን ይካፈላሉ። ሬዚደንሲ እንደዚያ አይደለም። የታወቁት አስተናጋጆች እንደ ልማዳቸው ከሥራው ባለቤትነት ላይ ድርሻ አይወስዱም። ታዲያ ማን ይከፍላል? አንዳንዱን መንግሥትና በጎ አድራጊ ይከፍላል፤ አንዳንዱን ኩባንያ ይደጉማል፤ አንዳንዱን ደግሞ አርቲስቶቹ ራሳቸው በመዋጮ ይሸከሙታል። ለመጨረሻው ምሳሌ የሚሆነው በኒው ዮርክ የሚገኘው ኒው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2014 የከፈተው ኒው ኢንክ ነው። በኪነ ጥበብ፣ በዲዛይንና በቴክኖሎጂ መካከል የሚሠሩ ሰዎች አባል ሆነው የአባልነት ክፍያ እየከፈሉ ይሠሩበታል፤ ሙዚየሙ ቦታውን፣ አማካሪውንና ስሙን ይሰጣል። ይህ ዓይነቱ ከሬዚደንሲ ይልቅ ለንግድ ማስጀመሪያ ማዕከል ይቀርባል። ይህ ጸሐፊ ለጀማሪ አርቲስት ብዙም አይመክረውም፤ የሚከፍል አባል ከወሩ መጨረሻ ጋር መሯሯጡ ስለማይቀር፣ ጊዜ ለመስጠት የተባለው ነገር መልሶ ጊዜ ይበላል።

የብሪስቶል መጋዘኖች

እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ መሐል ወደብ ነበራት። መርከቦች እየገዘፉ ሲመጡ ንግዱ ወደ ባሕሩ ጠጋ ወዳለው ወደ ኤቨንማውዝ ሸሸና የመሐል ከተማው ወደብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራውን አቆመ። በውኃው ዳር የቆሙት መጋዘኖች ባዶ ቀሩ። ከእነዚህ መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 ዎተርሼድ የተባለ የፊልምና የሚዲያ ማዕከል ሆነ። ሲኒማ ቤትና ካፌ ያለው ቦታ ነው፤ ሰው የሚገባበት፣ ገንዘብ የሚያወጣበት።

በ2008 ዎተርሼድ ፐርቬሲቭ ሚዲያ ስቱዲዮ የተባለ የሥራ ቦታ ከፈተ። አብረውት የተነሱት የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የብሪስቶል ምርምር ክፍልና የከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ቦታው ዛሬ ከመቶ በላይ ነዋሪ አባላት አሉት፤ አርቲስት፣ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ የጨዋታ ፈጣሪ፣ ተመራማሪ፣ ትንንሽ ኩባንያ ሳይቀር። የጠረጴዛ ኪራይ አይከፍሉም። የሚከፍሉት በሌላ መንገድ ነው። የስቱዲዮው የታወቀ ደንብ አባሉ ለመቋረጥ ፈቃደኛ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ማለትም ጎረቤቱ መጥቶ ይህ ነገር ለምን አልሠራ አለኝ ሲለው ሥራውን አቁሞ ማየት አለበት። ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ደግሞ ከአባላቱ አንዱ ወይም የተጋበዘ እንግዳ ስለ ሥራው ለማንኛውም መንገደኛ በነፃ ይናገራል።

ይህን የሰማ ነጋዴ ፈገግ ሊል ይችላል። ጥቂት ቢያስብበት ግን ገበያ ራሱ የቆመው በዚህ እንደሆነ ያያል። ጨርቅ ተራ ሱቆች ጎን ለጎን የተኮለኮሉት ስለሚዋደዱ አይደለም፤ አንዱ ዘንድ የጠፋው ሌላው ዘንድ ስለሚገኝ፣ የጎደለ ዕቃ በቃል ስለሚዋሱ፣ ወሬውም ቶሎ ስለሚደርሳቸው ነው። ስቱዲዮው ያንን ሆን ብሎ በደንብ አስገብቶታል። ለኩባንያውና ለዩኒቨርሲቲው የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ አዲስ መሣሪያ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚሰበር፣ ማን እንደሚስቅበት ከማንም ቀድመው ያያሉ።

ዎተርሼድ ከዚህ ተነስቶ ፕሌያብል ሲቲ የተባለ ውድድር አቋቋመ። በ2013 የመጀመሪያውን የ30 ሺህ ፓውንድ ሽልማት ያሸነፈው ሄሎ ላምፕ ፖስት የተባለ ሥራ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የከተማዋ የመብራት ምሰሶዎች፣ የፖስታ ሣጥኖችና ሌሎች የመንገድ ዕቃዎች አስቀድሞም ለጥገና ሲባል የመለያ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። መንገደኛ ያንን ቁጥር በአጭር የስልክ መልእክት ሲልክ ምሰሶው ሰላም ይለዋል፤ ጥያቄም ይጠይቀዋል። መልሱን ይዞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ያወራል። አዲስ ምሰሶ አልተተከለም፣ አዲስ ሽቦ አልተዘረጋም። የነበረ ቁጥርና የነበረ ስልክ ብቻ። ዛሬ ሄሎ ላምፕ ፖስት ራሱን የቻለ ኩባንያ ነው፤ ነዋሪው ስለ ከተማው ያለውን አስተያየት እየሰበሰበ ለከተማ አስተዳደሮችና ለመሰሎቻቸው አገልግሎት ይሸጣል። ጨዋታ ተብሎ የተጀመረው ነገር የሚከፍል ደንበኛ አገኘ ማለት ነው።

ፔፕሲና የጥገናው ሂሳብ

ሁሉም እንዲህ በሰላም አላለቀም። የዚህ አሠራር አባት ተብሎ የሚታወቀው ቢሊ ክሉቨር የቤል ላብስ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1966 እሱና ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ አሥር አርቲስቶችን ከ30 ያህል መሐንዲሶች ጋር አገናኝተው በኒው ዮርክ አንድ የጦር ክፍል አዳራሽ ውስጥ ዘጠኝ ምሽት የፈጀ ትርኢት አሳዩ፤ ወደ 10 ሺህ ሰው ተመለከተው። ከዚያ ኤክስፔሪመንትስ ኢን አርት ኤንድ ቴክኖሎጂ የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው ድለላ ነበር ቢባል አያስነውርም፤ መሐንዲስ ለሚፈልግ አርቲስት መሐንዲስ ይፈልግለታል።

ማኅበሩ ያገኘው ትልቁ ሥራ በ1970 የኦሳካ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የፔፕሲ ኮላን ድንኳን መሥራት ነበር። ውጪውን ጃፓናዊቷ አርቲስት ፉጂኮ ናካያ በእውነተኛ የውኃ ጉም ሸፈነችው፤ ውስጡ ሰፊ ክብ መስታወት ሆነ። ነገር ግን አርቲስቶቹ ድንኳኑን በየቀኑ ለማንቀሳቀስና ለመጠገን ያቀረቡት ሂሳብ ፔፕሲ ከጠበቀው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው አልከፍልም አለ፤ ድንኳኑን ተረክቦ አርቲስቶቹ ያቀዱትን ዝግጅት ሰረዘ። የመሥሪያ ወጪው ታስቦ የማንቀሳቀሻ ወጪው አስቀድሞ በቁርጥ ስላልተዋዋሉበት የሆነ ነው። ከውጭ ማሽን አስመጥቶ የመለዋወጫውን ነገር የዘነጋ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ከዚሁ ጠብ መሐል የወጣ ሌላ ነገር ግን አለ፤ በብዙ የኪነ ጥበብ ጽሑፎች ላይ በአንድ መስመር የሚታለፍ ቢሆንም ለዚህ ገጽ ዋናው እሱ ነው። ናካያ የፈለገችው ጉም ሰው የሚተነፍሰው፣ ልጆች የሚሮጡበት፣ ከኬሚካል የጸዳ ጉም ነበር። ቶማስ ሚ የተባለ የደመና ጥናት ባለሙያ ውኃን በከፍተኛ ግፊት በጣም በጠባብ ቀዳዳ አስወጥቶ ወደ ጉም የሚበትን መርጫ ሠራላት። የዚያ ሰው ኩባንያ ሚ ኢንዱስትሪስ በዚህ ቴክኖሎጂ ለአሥርት ዓመታት ነግዷል። መርጫው የአበባና የአትክልት ግሪንሃውስ ለማቀዝቀዝና እርጥበት ለመስጠት፣ የኃይል ማመንጫ ጋዝ ተርባይኖች የሚስቡትን አየር ለማቀዝቀዝ ይሸጣል። አንዲት አርቲስት ለስድስት ወር ኤግዚቢሽን የጠየቀችው ጉም ተርባይን ቤት ገባ። ፔፕሲ ከዚህ የሚያነሳው ጥያቄ የለም፤ የተዋዋለው ለድንኳን እንጂ ለመርጫ አልነበረምና።

ሃምሣ ዶላር የፈጀ መነጽር

አይቢም የተባለው የኒው ዮርክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሠረተ። በቼልሲ ሰፈር ትልቅ የሥራ አዳራሽ ነበረው፤ ለአርቲስቶችና ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ቦታ፣ መሣሪያና የኪስ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እዚያ የሠሩ ሰዎች ያወጧቸው ነገሮች የሬዚደንሲን ሁለት መንገዶች በደንብ ስለሚያሳዩ ጎን ለጎን እንያቸው።

የመጀመሪያው በ2009 የተሠራው አይራይተር ነው። ቴምፕት ዋን በሚል ስሙ የሚታወቅ የሎስ አንጀለስ የግድግዳ ጽሑፍ ሠዓሊ ጡንቻን በሚያሽመደምድ በሽታ ተይዞ ከዓይኑ በስተቀር የሚያንቀሳቅሰው አካል አልቀረውም ነበር። በአይቢም ያለፉ አርቲስቶች ያሉበት ቡድን ከተራ የፀሐይ መነጽር፣ ከርካሽ የቪዲዮ ጨዋታ ካሜራና ከጥቂት መብራቶች የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከተል መሣሪያ ገጣጠመለት። የዕቃው ወጪ 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በገበያ የነበሩት ተመሳሳይ መሣሪያዎች በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጡ ነበር። ሠዓሊው በዓይኑ እንደገና ሣለ። ቡድኑ አሠራሩን ማንም ወስዶ እንዲሠራው በነፃ ለቀቀው።

ሁለተኛው ሊትልቢትስ ነው። የአይቢም ፌሎ የነበረችው መሐንዲስና አርቲስት አያ ብዴር ልጆች ሳይበይዱ፣ በማግኔት ብቻ የሚያያይዟቸውን ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጮች ሠራች። በ2011 ኩባንያ አቋቋመች፤ ዕቃው በየአገሩ ትምህርት ቤቶች ገባ። በ2019 ስፌሮ የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዛው።

አንዱ በነፃ ተሰጠ፣ ሌላው ተሸጠ። ሁለቱም የወጡት ሥራውን የሠራው ሰው መብቱን በእጁ ከሚያቆይበት አሠራር ነው። አስተናጋጁ አርቲስቱን ገና በር ላይ እያለ ከምትሠራው ላይ ሠላሳ በመቶ የእኔ ነው ቢለው ኖሮ አይራይተርን በነፃ መልቀቅ አይቻልም ነበር፤ ስፌሮን የመሰለ ገዢም የማን እንደሆነ ያልጠራ ንብረት ለመግዛት ያመነታል። ለጀማሪ አስተናጋጅ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ድርሻ መጠየቁ ጥቅሙን የሚያስጠብቅ ይመስላል፤ በተግባር ግን ጥሩዎቹ አመልካቾች ሌላ በር ያንኳኳሉ።

አይቢም ግን ከሌላ አቅጣጫ ተመታ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት መጨረሻ 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል የቼልሲን ምድር ቤቶች ሲያጥለቀልቅ የአይቢምም አዳራሽ ውኃ ገባው፤ መሣሪያና የዓመታት የሥራ ማኅደር ተበላሸ። በኋላ ሰፈሩን ለቆ ወደ ብሩክሊን ሄዷል። ማሽንና ባትሪ በሞላበት አዳራሽ የመድን ዋስትና እንደ ቅንጦት የሚታይ ከሆነ፣ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ከመጠጥ መሸጫው በላይ

ወደ ሃርለም እንሻገር። ስቱዲዮ ሙዚየም ኢን ሃርለም እ.ኤ.አ. በ1968 ሲከፈት የተከራየው በፊፍዝ አቬኑ ከአንድ የመጠጥ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ነበር። የመጀመሪያው ትርኢቱ የቶም ሎይድ ነው፤ ከአንድ መሐንዲስ ጋር ተባብሮ በኤሌክትሮኒክስ የሚበሩና የሚጠፉ ባለቀለም አምፖሎችን የሠራ ጥቁር አሜሪካዊ አርቲስት። አንዳንድ የሰፈሩ ሰው ይህ ምኑ የእኛ ነው ብሎ አጉረምርሟል። ሎይድ ጥቂት ቆይቶ በ1971 በኩዊንስ ጃማይካ ሰፈር የራሱን የሰፈር ሙዚየም ከፈተ፤ የስቱዲዮ ሙዚየሙም ስሙን ያገኘበትን ሥራ፣ ለወጣት አርቲስቶች ስቱዲዮ መስጠትን፣ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ከዚያ ስቱዲዮ ካለፉት አንዷ በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 ሠርታበታለች። በኅዳር 2023 አንድ የ2008 ሥራዋ በኒው ዮርክ ሶዝቢስ ጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶለታል፤ ለአፍሪካ ተወላጅ አርቲስት በጨረታ እስከዚያ ያልታየ ዋጋ ነበር። እዚህ ላይ ደላሎች እንዳይሳሳቱ። የዚያ ጨረታ ገንዘብ የሚሄደው ለሻጩ ሰብሳቢና ለአጫራቹ ቤት እንጂ ለሠዓሊዋ ወይም ጀማሪ ሳለች ክፍል ለሰጣት ሙዚየም አይደለም። ወጣት ሠዓሊ አስጠግቼ ሥዕሉን ይዤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሚሊየነር እሆናለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ካለ፣ በዚያው ገንዘብ ሌላ ነገር ቢሠራ ይሻለዋል። ከብዙ መቶ አርቲስቶች እዚህ ዋጋ የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምሕረቱ ራሷ ግን ያገኘችውን ዕድል ወደ ውል ቃል ለውጣዋለች። ቢኤምደብሊው በ2024 በሌ ማን ውድድር ላይ የታየውን መኪና እንድታስጌጥ ሲጋብዛት ሥራው ከመኪናው አልፎ ከምሕረት ማንደፍሮ ጋር ለአፍሪካ ወጣት ፊልምና ሚዲያ ሠሪዎች የሚዘጋጅ ዐውደ ጥናትን እንዲጨምር ሆነ፤ ሌጎስና ዳካርን ከመሳሰሉ ከተሞች ጋር። ስሙ የገነነ ሰው ከኩባንያ ጋር ሲደራደር ለተከታዮቹ ቦታ ማስቆጠር ይችላል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሂሳቡ

በከተማችን መሠረቱ ተጥሏል። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ጀምሮ የቴክኖሎጂ ጀማሪዎችን አሰባስቧል። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በ2002 የጀመሩት ዞማ አርቲስቶችን ሲያስተናግድ ኖሮ በ2019 መካኒሳ ላይ በጭቃና በጭድ የተገነባ ሙዚየም ከፍቷል። የጎደለው ሁለቱን ወገን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያውል፣ መበየጃውም ሸራውም ያለበት ቦታ ነው። ሕንፃ ሠርቶ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ፎቅ ላይ ተከራይ ያጣ ባለንብረት ደግሞ በከተማው አይጠፋም።

ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እናስላ፤ አንባቢ በራሱ ዋጋ ይተካው። ወለሉ ቢከራይ በወር 60 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። አራት ወጣቶች ለስድስት ወር ገቡ። ለእያንዳንዱ በወር 15 ሺህ ብር የኪስ ገንዘብ ቢሰጥ 360 ሺህ ይሆናል። መበየጃ፣ መለኪያ፣ ኮምፒውተርና ጠረጴዛ 200 ሺህ፤ መብራት፣ ኢንተርኔትና ጥበቃ በወር 10 ሺህ ሂሳብ 60 ሺህ። ከኪስ የሚወጣው 620 ሺህ ብር ነው። ወለሉ በእርግጥ ባዶ የሚከርም ከሆነ ወጪው እዚህ ላይ ያበቃል። ተከራይ እያለ ተከልክሎ ከሆነ ግን የስድስት ወር ኪራይ 360 ሺህ ይደመርና 980 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ደላላው ነው፤ ይህ ወለል በስድስት ወር ውስጥ ይከራያል ወይስ አይከራይም? ለሚከራይ ወለል ሬዚደንሲ ውድ ነው፤ ለማይከራይ ርካሽ ነው።

ወለሉ ሕይወት ዘርቶ ሰው መመላለስ ሲጀምር ተከራይ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አርቲስቶቹ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይውጡ ማለት ቦታውን ያደመቁትን ሰዎች በሥራቸው መቅጣት ይሆናል፤ የተጀመረው ሥራም መሐል ላይ ይቆማል። ስድስት ወር ከተባለ ስድስት ወር ይሁን።

ዋናው አደጋ ግን ከኪራዩ ላይ የለም፤ ከሕጉ ላይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የፈጠረ ሰው ባለመብት እንደሚሆን ይደነግጋል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምም በዚሁ ይጠበቃል። ነገር ግን ሥራው የተፈጠረው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዞ ከሆነና ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። ለፈጠራ ሥራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987ም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሄደው። ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይሏል። ባለንብረቱ ለወጣቱ በየወሩ ገንዘብ ይሰጣል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ከዓመታት በኋላ ከዚያ ክፍል የወጣው ፕሮግራም ወይም መሣሪያ ገበያ ሲያገኝ፣ ያ ገንዘብ ደመወዝ ነበር ወይስ ድጋፍ? ተቀጥሮ ነበር ወይስ ተጠግቶ? ባለንብረቱ የእኔ ነው ቢል የሚያነሳው ክርክር አለው፤ ወጣቱም እንደዚሁ። በክርክር ላይ ያለ ንብረት ደግሞ ገዢ አያገኝም፣ ባንክም አይዘውም።

መድኃኒቱ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ ጠበቃ ቢያየው ይመረጣል። የሚሰጠው ገንዘብ ድጋፍ እንጂ የሥራ ዋጋ አለመሆኑ፣ የቅጅም የፈጠራም መብቱ የሠሪው መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። አስተናጋጁ የሚፈልገው ካለ ደግሞ ተለይቶ ይጠቀስ፤ ለምሳሌ ሥራው በሚታይበት ሁሉ ስሙ እንዲነሳ፣ ፎቶግራፉን ለማስታወቂያ እንዲጠቀም፣ ወይም የተሠራውን መሣሪያ በገዛ ሕንፃው ውስጥ ያለ ክፍያ እንዲያውል። ብዙውን ጊዜ ለነጋዴው ከባለቤትነት ድርሻ ይልቅ የመጨረሻው ይጠቅመዋል። አራት ወጣቶች አብረው የሠሩት ከሆነም በመካከላቸው ማን ምን እንደሆነ ይፈራረሙ፤ ጠቡ ከአስተናጋጁ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ ሲሆን ይብሳል።

ቀሪዎቹ አንቀጾች አጫጭር ናቸው። የመሣሪያው ጥገና በማን እንደሚሸፈንና እስከ ስንት ብር እንደሆነ፤ የኦሳካውን ድንኳን ያስታውሷል። የባትሪና የብየዳ ሥራ የሚሠራበት ክፍል የእሳት ማጥፊያና መድን እንዲኖረው። በስድስት ወሩ መጨረሻ ማሽኑ ለማን እንደሚቀር፣ ሳይጠናቀቅ የቀረ ሥራ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነሳ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ለሰፈሩ ልጆች ክፍት እንዲሆንም ይግባ፤ አስተናጋጁ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ተከራዮች መንገደኛ ሲጨምርላቸው የመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎች ይሆናሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፤ በትርኢቱ ዕለት ገዢ ሊመጣ ይችላል። በውጭው ገበያ ጋለሪ ከሽያጭ ላይ እኩሌታውን መውሰዱ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ገዢውን ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነው። አስተናጋጁ ግን ጋለሪ አይደለም። ኮሚሽን የሚወስድ ከሆነ መጠኑን አስቀድሞ ያስቀምጥ፤ ደረሰኙም በማን ስም እንደሚቆረጥ በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ።